እታለም ደጊቱና ሙሉው ዋንጫ

የጎንደርን እጅ ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ለጉራ አይደለም የምለው። ጉራ የሚነዛው የሌለው ሰው ነው፤ እኔ ያለኝን ነው የማወራው።

ከኮረብታው ጫፍ ላይ የእርጋታ ጣቢያው አለ። ጣቢያው ውስጥ አንድ ክፍል አለ፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ እኔ አለሁ። አለቃዬ ኢንጂነር ሲሳይነሽ፣ “መኳንንት፣ ያንተ ሥራ እኮ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ማየት ብቻ ነው” ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እኔ ባላየው አረንጓዴ መሆኑን ማን ያውቃል?

በከተማችን የሚንቀጠቀጥ እጅ ከታየ ሃያ ዓመት አልፏል። ሁሉም ሰው ከጆሮው ጀርባ ምስር የምታክል ነገር አለችው፤ ሕዝቡም ምስሯ ይላታል። ሻይ ቤት ብርጭቆ እስከ አፉ፣ ከአፉም አልፎ ጉብ እስኪል ይቀዳል። አንድ ጣት አጉድሎ የቀዳ አስተናጋጅ “እጅህን አላመንኩትም” እንዳለ ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የተላከበት ጠብ አውቃለሁ። ፀጉር አስተካካይ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ በምላጭ ይላጫል። ባልቴቶች መነጽር ሳያደርጉ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ብርድ ሲመታን ጥርሳችን አይንገጫገጭም፤ ልጆች ከንፈራቸው እስኪጠቁር ውጭ ይጫወታሉ፤ እናቶች ልጃቸው እንደበረደው የሚያውቁት ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ሰሌዳ ሲነግራቸው ነው። ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር ድምፁ አይርድም። ልጁን የሚቀብር አባት አገጩ አይንቀጠቀጥም። የፈራና ያልፈራ ሰው መልኩ አንድ ነው። ተመስገን እንላለን። እኔማ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያስረዳ በአፍሪካ ስለሌለ ላስረዳ። ጭንቅላታችን ውስጥ ያሉት ነርቮች የገበያ ሰው ማለት ናቸው። ሁሉም በየራሱ ጊዜ ያወራል፤ የሚሰማው ሁካታ ነው፤ ሁካታ ደግሞ እጅ አያነቃንቅም። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ጥግ ላይ ያሉት በአንድ ምት ማጨብጨብ ሲጀምሩ ነው። ከጎን ያለው ይቀበላቸዋል፤ ማዶ ያለውም ይቀበላል። ጭብጨባው በአከርካሪ ወርዶ ክንድ ላይ ይደርሳል፤ ክንድ ይወዛወዛል፤ የክንዱ መወዛወዝ ተመልሶ ለጭንቅላት ወሬ ያደርሳል፤ ጭንቅላትም “አሃ፣ ጨዋታ ደርቷል” ብሎ ይብስበታል። መንቀጥቀጥ ማለት ይኸው ነው። ሳይጠሩት የመጣ ጭብጨባ ነው። ጤነኛ ነኝ ባዩም ቢሆን በትንሹ ያጨበጭባል፤ ድሮ እጁን ዘርግቶ ወረቀት ቢያስቀምጥበት የወረቀቱ ጫፍ ያሳብቅበት ነበር።

ምስሯ ታዲያ ነርቮቹን ዝም በሉ አትልም። በየሠርጉ ጭብጨባ የምታበላሽ አንዲት አክስት አትጠፋም አይደል? ሁሉም ጧ ሲል እሷ ዘግይታ ጧ የምትል? ምስሯ ያቺ አክስት ናት። እርምጃን፣ ከበሮ መምታትን፣ ዝግ ያለውን ምት ሁሉ ትተወዋለች። ፈጠን ያለ ምት ስትሰማ ግን ሰዓቱን ከኛ ጣቢያ ትቀበልና መሃል እየገባች ጧ ትላለች። ጭብጨባው ይበተናል። እጅ ይረጋል።

ይህችን ምስር ከሁላችንም በላይ የምታመሰግናት ታላቅ እህቴ ደጊቱ ናት። እኔ እታለም እላታለሁ፤ ከእኔ ሰምቶ ከተማው ሁሉ እታለም ይላታል። ሹሩባ ሠሪ ናት። እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው በወጣትነቷ ነው። ጭኗ ላይ ሲያርፍ ጨዋ፣ ማንኪያ ሲያነሳ አመፀኛ ነበር። ደንበኞቿ “ጣቷ ይዘላል” ብለው አንድ በአንድ ሸሹ፤ ሥራውን አቆመች። ሾርባ ለመጠጣት በሯን ትዘጋ ነበር። ምስሯ በገባችላት ማግስት ገና በእግሯ የቆመችውን ልጄን ትርሲትን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ እንደ ጉንዳን መንገድ የቀጠነ ሹሩባ ሠራችላት። ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ ዘርግታ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆምላት እያየች፣ እንደ ሕፃን ስትስቅ ዋለች። የእሷን እጅ የሚያህል እጅ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ አልተፈጠረም። ከዛሬ ደንበኞቿ ያንን ዘመን የሚያውቅ የለም፤ እንዲያውቁባትም አትፈልግም። “የረሱትን ምን አስታወሳቸው” ትላለች። ሰው ሁሉ ረሳ። እኔም ወንድሟ ረሳሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ምስሯ አንድ ነገር ብቻ ወሰደችብን። እስክስታን። ትከሻ ምት ሲይዝ በሽታ ነው ብላ ትበትነዋለች። “በሚቀጥለው እድሳት ይስተካከላል” ተብሎ ስንት እድሳት መጥቶ ሄደ። እስከዚያው ድረስ የሚከራይ ጃኬት አለ፤ ትከሻው ላይ ሞተር ተተክሎበታል። ሰውየው ውስጡ እንደ መስቀያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጃኬቱ ይጨፍራል። ሴቶች ለጃኬቱ እልል ይላሉ።

እኔ ከምስሯ በፊት ትከሻ ነበረኝ። ትከሻ ስላችሁ! አንድ ጊዜ ስጨፍር ከአዘዞ ደውለው “ርዕደ መሬት ነው እንዴ?” ብለው ጠይቀዋል። ሌላ ጊዜ ትከሻዬ ያስነሳው ነፋስ የኬኩን ሻማ ሁሉ አጥፍቶታል። ይህን ለትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ እነግራት ነበር፤ ጥፋቱ ለአማቾቿም መንገሬ ላይ ነው።

ትርሲትን ያጨው ገላጋይ የሚባል የነፋስ መውጫ ልጅ ነው፤ እነሱም እንደ እኛ ባለ ምስር ናቸው። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ አጎቱ ጋሽ ምንይችል ግን የሰባት ሰው አፍ ተሰጥቶታል። የቀለበቱ ዕለት ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣

“ለሠርጉ ስንት ጃኬት ተከራያችሁ?” አለኝ።

“በእኛ ቤት ጃኬት አይለበስም፤ በራሴ ትከሻ ነው የምጨፍረው” አልኩት።

“ባንተ ትከሻ?” ወደ ዘመዶቹ ዞረ። “እናንተ፣ ሰምታችኋል? ወንድሜ፣ ያንተ ትከሻ ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። ብትነቀንቀው ቤቴን አፈረሰብኝ ብላ ትከስሃለች!”

ነፋስ መውጫ በሙሉ ሳቀ። እታለም ብቻ አልሳቀችም፤ በክርኗ ጎሸም አድርጋ “አፍህን ሰብስብ፣ መኳንንቴ” አለችኝ። አፌ ግን አንዴ ከወጣ የሚመለስ አይደለም። “ያለ ጃኬት ካልጨፈርኩ ስሜን ለውጡት!” አልኩ።

አሁን ወደ ጥበቤ ልግባ። ጣቢያው ላይ ለጥገና ሲባል አንድን ሰፈር ለሩብ ሰዓት ከእርጋታ ማውጣት ይቻላል። አንዴ ከተነሳ ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ አይመለስም። የሠርጉ አዳራሽ ያለበትን ሰፈር መረጥኩ። በጥሪ ካርዱ ላይ የዋንጫው ሥርዓት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጭፈራው አሥር ሰዓት ይላል። እርጋታው አሥር ሰዓት ላይ እንዲነሳ አዘዝኩና ኮቴን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ሠርግ በካርዱ ሰዓት ይሄዳል ብሎ ያመነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዋንጫ ያልኩት ምን መሰላችሁ? በእኛ ዘመን የመጣ ሥርዓት ነው። የሙሽራዋ አክስት ጠጅ እስከ ከንፈሩ የሞላ የቀንድ ዋንጫ ይዛ ከአዳራሹ በር እስከ ሙሽሮቹ ወንበር ትሄዳለች። ጠብታ ካልወደቀ ትዳሩ የረጋ ይሆናል። ጠብታ ወድቆ አያውቅም፤ በማን እጅ ይወድቃል? ያም ሆኖ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው። እታለም ለትርሲት ይህን ዋንጫ ለመያዝ ከልጅቷ ሕፃንነት ጀምሮ ስትጠብቅ ኖራለች። “በዚህ እጅ” ትል ነበር፣ እጇን እያሳየችኝ።

የሠርጉ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ሙሽሮቹ የሉም። አጃቢው አደባባዩን እየዞረ ይቀረጻል። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ አሁንም እየዞረ ነው። እኔ ያለ ጃኬት በነጭ ሸሚዝ ሆኜ ትከሻዬን እያሻሸሁ በአዳራሹ እንጎራደዳለሁ። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ተጨብጭቦ፣ ሰው ቦታ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ተገጣጠመ። አሥር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በሩ ላይ ደግሞ እታለም ቆማለች። ሁለት እጇ ላይ ዋንጫ አለ፤ ጠጁ ከከንፈሩ በላይ ጉብ ብሎ ያበራል።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዕቃ ሲያነሳ አመፀኛ የነበረውን እጅ።

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ ወንበር ዘልያለሁ፣ የሰው እግር ረግጫለሁ። ስደርስባት መንገዱን ጀምራ የአዳራሹ ወገብ ላይ ደርሳለች።

“እታለም፣ ቁሚ! ዋንጫውን አስቀምጪው!”

“ዞር በል፣ አትንካኝ! ሙሉ ነው!” አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

“በሞቴ፣ እታለም...”

አሥር ሰዓት ሆነ።

በመጀመሪያ ድምፅ ሰማን። እስከ አፋቸው የተሞሉ ብርጭቆዎች ከሳህን፣ ከቀለበት፣ ከጥርስ ጋር እየተጋጩ አዳራሹ በሙሉ መንጫረር ጀመረ። ጠጅ በየሸሚዙ እጅጌ ወረደ። ሰው ሁሉ እጁን ፊቱ ላይ አንስቶ እንደ እንግዳ ዕቃ ያየው ገባ። ወጣቶቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ አንዷ ሚዜ “ጣቴ በሕይወት አለ!” ብላ ጮኸች። የገላጋይ እናት ማልቀስ ጀመረች፤ አገጯ ይርገበገብ ነበር። ልጇ ቀና ብሎ አያት፤ የእናቱን ልቅሶ በአገጯ ላይ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ትርሲት የባሏን እጅ ያዘች። እንደ ተያዘች ወፍ ይርገፈገፋል።

“ፈርተሃል እንዴ?” አለችው።

“አዎ” አላት። ድምፁም ይርድ ነበር። “ከጠዋት ጀምሮ ነው የፈራሁት።”

ልጄ እጁን ወደ ጉንጯ ወሰደችው። ቆንጆ ነገር አይቻለሁ በዘመኔ፤ አብዛኛውን እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ያን የሚያህል ግን አላየሁም።

እታለም መሃል አዳራሽ ቆማለች። እጇ እንደ ሌላው ሰው እጅ በትንሹ አልተርገበገበም። ሃያ ዓመት ታስሮ እንደተፈታ ወይፈን ነው የዘለለው። ጠጁ ግራና ቀኝ እየተፈናጠረ ቀሚሷ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ወረደ። መጀመሪያ ዳር ያሉት አዩ፤ ከዚያ ሁሉም አየ። ፀጉራቸውን የምትሠራላቸው ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ አንዷ እጇን ወደ ሹሩባዋ ሰደደች።

“ኧረ እጇ! እጇን እዩት!” አለ ጋሽ ምንይችል።

እታለም ወደ እኔ ዞረች።

“አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

በዕድሜዬ “እኔ ነኝ” ያልኩት ሳልኮራ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዋንጫውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። በትከሻዋ ገፋችኝ። ሁለቱን ክርኖቿን ከጎኗ ጋር አጣበቀች፤ ድሮ በሯን ዘግታ ሾርባ ስትጠጣ እንዲያ ነበር የምታደርገው። አንገቷን ሰበር አደረገችና አፏን ወደ ዋንጫው አወረደች። ጠጣች። ተነፈሰች፤ ደግማ ጠጣች።

“የሙሽሮቹን ዋንጫ ጠጣችው!” አለ አንድ ሰው።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀና ብላ ከንፈሯን በትከሻዋ ጠረገች።

“ምን ታፈጣላችሁ?” አለች። “ሙሉ ዋንጫ የሚያዘው እጅ ካልተንቀጠቀጠ ነው። እናቶቻችን አንድ ጣት አጉድለው ሲቀዱ ስስት መሰላችሁ? የሚቀበላቸውን ሰው እጅ ስለሚያውቁ ነው!” ዋንጫውን ከፍ አደረገች፤ እስኪበቃው ይንቀጠቀጣል። “ይኸውላችሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ድሮም ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አያችሁት፤ አበቃ።”

ከዚያ ሄደች። ጠጁ በዋንጫው ውስጥ እንደ ጣና ማዕበል ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከከንፈሩ ግን አያልፍም። አንድም ጠብታ ከዚያ በኋላ አልወደቀም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ከሚንቀጠቀጥ እጅ ተቀበለ፤ ሙሽሮቹ በአራት እጅ ይዘው ጠጡ፤ ጥርሳቸው የዋንጫውን ጠርዝ ሲመታ እየሰማን።

ጋሽ ምንይችልን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ለተረብ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ሰውየው ግን የራሱን እጅ እያየ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ካረጀ ወዲህ እጁ ያለ ምስር ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር።

“ይቺ የአባቴ እጅ ናት” አለ ቀስ ብሎ። “አባቴ ጋቢውን ሲያጣፋ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።”

ከበሮው ተነሳ። ማን እንደመታው አላውቅም፤ ከፈለጋችሁ እኔ በሉ። የኔ ሰዓት ነውና መሃል ገባሁ፣ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ፣ ከተማውን አስጠነቀቅሁ፣ ትከሻዬን አዘዝኩት። ተነሳ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ያ ታላቅ ትከሻ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ብሎ ባለበት ቀረ። ጋሽ ምንይችል “ሸረሪቷን አደራ!” ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በበኩሌ ርዕደ መሬት አስነሳለሁ ያልኩትን ፈጽሜያለሁ።

በዚያ ሳቅ መሃል ነው እታለም የገባችው። እጆቿን ወገቧ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ወገቧም ላይ ሆኖ አላረፈም። ትከሻዋ ግን መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከበሮውን አዳመጠ፣ ከዚያ ገባበት። እኔ ሥራዬ ምት ነውና ከማንም በላይ ያየሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ውስጥ ሁለት ጭብጨባ ነበር። እጇ በራሱ ምት ይሄዳል፣ ከበሮው ቢፈጥን ቢዘገይ ግድ የለውም፤ ሳይጠሩት የመጣ ነውና ማንንም አይሰማም። ትከሻዋ ከበሮው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲሰብር ይሰብራል፤ እሷ ጠርታው የመጣ ነው። አንዱ ሌላውን አላደናቀፈም። ለሁለቱም ቦታ ነበራት።

ጋሽ ምንይችል ጃኬቱን አውልቆ ወረወረ፤ ጃኬቱ ወንበር ላይ ሆኖ ለብቻው መጨፈሩን ቀጠለ። ሽማግሌው ፊት ለፊቷ ገባ።

“እትዬ፣ ቀስ በይ! ሳንባዬን አልተከራየሁትም!”

“ጃኬትህን ጥራውና ያግዝህ!” አለችው።

ሰው ሁሉ ተነሳ። ያላወቀበት እንደ ዶሮ፣ የረሳው እንደ እኔ፤ ትርሲትና ገላጋይ እየተሳሳቁ፤ ሹሩባ ያሠሩት ሴቶች እታለምን ከበው እልል እያሉ።

ሩብ ሰዓቱ ሞላ።

ትከሻ ሁሉ በአንዴ ቆመ። ምቱ መሃል ላይ፣ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች እንዳለ። ከበሮው ትንሽ ብቻውን ሄደና እሱም ተወው። እታለም እጇን ከወገቧ አንስታ አየችው። ቀጥ ብሏል፤ ምስሯ በገባችላት ማግስት እንዳደረገችው ግን አልሳቀችም።

ትርሲት የባሏን እጅ ይዛ፣ “አሁንስ? ትፈራለህ?” ስትለው ሰማኋት።

“እንጃ” አለ ገላጋይ። “እጄ አይነግረኝም።”

ኢንጂነር ሲሳይነሽ ከመብራቱ ክፍል አንስታ የጣቢያው በር ላይ አቆመችኝ። ዕድገት ነው። ከተማውን ቀጥ አድርጎ የያዘውን ጣቢያ ቀጥ አድርጎ የያዘው በሩ ነው፤ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከሠርጉ በኋላ ወደ እታለም ሱቅ ለመሄድ ግን ድፍረቱን እስካገኝ ሰነበትኩ። ባዶ ወንበር አገኛለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት። ስደርስ አንዲት ደንበኛ ጉልበቷ መሃል ተቀምጣለች፣ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። የተቀመጠችው ሴት በመሃል ዞር ብላ የእታለምን እጅ ያዘችና ገልብጣ አየችው። እታለም ሚዶዋን እንደያዘች ጠበቀቻት፤ እጇን አልነጠቀችም።

“የእኔም እናት እንዲህ ነበረች” አለች ሴትዮዋ። “አፍራ እጇን ስትደብቅብን ሞተች።”

ከዚያ ዞራ ራሷን መልሳ ሰጠቻት። እታለምም ካቆመችበት ቀጠለች፤ መስመሩ እንደ ጉንዳን መንገድ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ስትጨርስ ለሁላችንም ሻይ ቀዳች። የሴቶቹን ብርጭቆ አየሁ፤ ሁሉም አንድ ጣት ጎድሏል። አንዷም አልተቆጣችም። የእኔን ሰጠችኝ፤ ሁለት ጣት ጎድሏል።

“ምነው፣ እታለም” አልኳት፣ “እጄን አላመንሽውም?”

“እጅህን አምነዋለሁ” አለች ስኳሩን እያቀረበችልኝ። “ያላመንኩት አንተን ነው።”